ዓሣው ሳይመጣ እንጨቱ ይድረቅ

ዛሬ በጣና ሐይቅ ዳር ስላሳለፍነው ጊዜ እናጫውታችኋለን። ወሬያችን ስለ እንጨትና ስለ ዓሣ ነው። እንጨትንና ዓሣን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር።

ወደ ጉማራ ወረድን

እኛ ሦስት አስተማሪዎች ነን። ሦስታችንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። እንድናስተምርበት የተሰጠን መንደር የጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ሐይቅ ከሚገባበት ቦታ አጠገብ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ተሳፈርን። ሐሙሲትን አለፍን። ወረታ ሳንደርስ የጉማራ ድልድይ አለ። እዚያ ወረድንና ወንዙን ይዘን በእግራችን ወደ ሐይቁ ሄድን። ግማሽ ቀን ያህል ፈጀብን።

ጊዜው የግንቦት አጋማሽ ነው። ጸደይ ነው። ገበሬው ማሳውን ያርሳል፤ ሰማዩን ያያል። የፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ የሰው እግር ያስገባል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ይፈሳሉ። ሁለቱም የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው። ያን ጊዜ ሜዳው ራሱ ሐይቅ ይመስላል።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም። ጠለቅ ያለው ስፍራ 14 ሜትር ያህል ነው። አባይ ከዚህ ሐይቅ ይወጣና ወደ ጢስ እሳት ፏፏቴ ይወርዳል። ከፏፏቴው በታች ያለ ዓሣ ያን ገደል ወጥቶ ወደ ሐይቁ መግባት አይችልም። ስለዚህ በጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዓይነቶች አሉ።

ያረፍነው በአንድ ገበሬ ቤት ነው። እርሻም ያርሳሉ፤ ዓሣም ያሰግራሉ። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ባለቤታቸውን እትዬ እንላቸዋለን። እነሱ ልጆቼ ይሉናል። ሁለቱም ማታ ማታ ደብተራቸውን ይዘው ከኛ ዘንድ ይማራሉ።

የአምናው ክረምት

በገባን በማግስቱ እትዬ ወደ ጓሮ ወሰዱን። የባሕር ዛፍ ግንዶች በየቦታው ተጋድመዋል። ጋሼ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ቆርጠዋቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን እርሻው ጠራቸውና አልፈለጧቸውም።

«ይኸን አያችሁ ልጆቼ?» አሉን እትዬ። «አምናም እንዲሁ ነበር። ነገ እንፈልጠዋለን፣ ነገ እንፈልጠዋለን ስንል ሰኔ ደረሰ። ሰኔ ሲደርስ ደሞ ዓሣው ደረሰ።»

በዚህ አገር ዓሣ ዓመቱን ሙሉ ይሰገራል። ነገር ግን የመጀመሪያው ጎርፍ ሲወርድ አምባዛ በብዛት ይመጣል። አምባዛ ከሐይቁ ወጥቶ ጎርፍ ወደ ተኛበት ሣር ይገባል። እዚያ እንቁላሉን ይጥላል። አሥጋሪው ሁሉ ያን ቀን ይጠብቃል። የዓሣው ዋና ወቅት ይጀመራል።

አምና ጋሼ አንድ ታንኳ ሙሉ አምባዛ አመጡ። ቤቱ በደስታ ሞላ። ነገር ግን ሰማዩ ሦስት ቀን አልገለጠም። ዓሣውን እንደ ቋንጣ ዘልዝሎ በፀሐይ ማድረቅ አልተቻለም። ገበያ እንዳይወስዱት መንገዱ ውሃ ሆኗል። በእሳት እናድርቀው ብለው እንጨቱን አነደዱት። እንጨቱ ግን እርጥብ ነው። ጫፉ ላይ አረፋ እያወጣ ይንጫጫል እንጂ አይነድም። ቤቱ በጭስ ታፈነ። በሦስተኛው ቀን ዓሣው ሸተተ። ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት።

«ዓሣውስ ይሁን» አሉ እትዬ። «ሕፃኑ ነው ያስለቀሰኝ። ክረምቱን ሙሉ ሳለ። በመጨረሻ ትንፋሽ አጠረው። በታንኳ ጭነን፣ ከዚያም ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስነው። እግዜር ይመስገን ዳነ። የኔ ዓይን ግን እስካሁን ይኸው ያለቅሳል።»

እኛ ዝም አልን። ጭስ የዓይንና የሳንባ በሽታ ያመጣል ብለን በክፍል ውስጥ አስተምረን ነበር። ጭስ ባለበት ቤት የሚያድግ ሕፃን የሳንባ ምች በቀላሉ ይይዘዋል ብለንም ነበር። ይህን ሁሉ ከእኛ በፊት እትዬ በቤታቸው አይተውታል።

እንጨት እንዴት ይቆረጣል?

በዚያው ሳምንት ሥራ ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት እንፈልጣለን። ማታ እናስተምራለን። እውነቱን ለመናገር፣ ጠዋት ተማሪዎቹ እኛ ነበርን።

መጀመሪያ ጋሼ መጥረቢያውን በሞረድ ሳሉ። «የደነዘ መጥረቢያ ጉልበት ይበላል፤ ተንሸራቶም እግር ይቆርጣል» አሉን። ከዚያ እግራችንን ከፈት አድርገን እንድንቆም አሳዩን። ልጆችን ከአጠገባችን አራቁ። ፍልጥ ሲፈናጠር ዓይን ያጠፋል።

ቀጭኖቹ ግንዶች በቀላሉ ተፈለጡ። ወፍራሞቹ ግን እምቢ አሉ። መጥረቢያው ይገባና ይቀረቀራል። ከኛ አንዱ መጥረቢያውን ለማውጣት ሲታገል በጀርባው ወደቀ። መንደሩ ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። መዳፋችን ግን ውሃ ቋጥሮ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ጋሼ። «ባሕር ዛፍ በተቆረጠበት ሰሞን ነው የሚፈለጠው። ያን ጊዜ ቶሎ ይከፈታል። ከከረመ አጥንት ይሆናል።» ከዚያ ሽብልቅ አመጡና በስንጥቁ ውስጥ አስገብተው በመዶሻ መቱት። ግንዱ ጮኸ። ለሁለት ተከፈለ። ውስጡን ስንዳስሰው ገና እርጥብ ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ አልደረቀም።

ምክንያቱ ይህ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ቅርፊቱ ውሃውን አግቶ ይይዛል። እንጨቱ ሲፈለጥ ግን ውስጡ ነፋስና ፀሐይ ያገኛል። ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል። እርጥብ እንጨት ስናነድ እሳቱ መጀመሪያ የሚሠራው ውሃውን ማፍላት ነው። ሙቀቱ በዚያ ያልቃል። ለወጡና ለእንጀራው የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ጋሼ ጉቶዎቹንም አሳዩን። ዛፉን የቆረጡት ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ነው። አቆራረጡ ሰያፍ ነው። የዝናብ ውሃ በጉቶው ላይ አይተኛም፤ ይንሸራተታል። ቅርፊቱም አልተላጠም። እንዲህ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከሚወጡት ቀንበጦች ደህናዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ይተዋሉ፤ ሌላውን ያነሣሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ እንጨት ይገኛል።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ቶሎ ያድጋል። ነገር ግን ብዙ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ከምንጭ አጠገብና ከእህል ማሳ ዳር ባይተከል ይሻላል። የጋሼ ባሕር ዛፍ የቆመው ለእርሻ በማይሆን ጉብታ ላይ ነው።

እንጨት እንዴት ይከመራል?

የተፈለጠውን መከመር የእትዬ ሥራ ነበር። እኛ እናቀብላለን፤ እሳቸው ይደረድራሉ።

መጀመሪያ መሬት ላይ ድንጋይ ደረደሩ። በድንጋዩ ላይ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች አጋደሙ። ፍልጡ መሬት አይነካም። መሬት የነካ እንጨት እርጥበት ይጠጣል፤ ምስጥም ይበላዋል። በፍልጦቹ መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ቀዳዳ ተዉ። ክምሩን ነፋስ ከሚመጣበት ከሐይቁ በኩል ክፍት አደረጉት። ከላይ ያለውን ረድፍ ቅርፊቱን ወደ ሰማይ አድርገው አስተኙት። በመጨረሻም በደንገል ከደኑት። ጎኑን ግን አልሸፈኑትም።

ሁለት ክምር ተሠራ። አንደኛው የባሕር ዛፍ ነው፤ ለምግብ ማብሰያ ይሆናል። ሁለተኛው ከማሳው ዳር የተሰበሰበ የደረቀ የግራር ቅርንጫፍ ነው። «ይኸኛው ለዓሣው ነው» አሉ እትዬ። «በባሕር ዛፍ ያደረቅሁት እንደሆነ ሽታው ዓሣው ውስጥ ይገባል። ማን ይበላዋል?»

ደረቅ እንጨት በምን ይታወቃል? ብለን ጠየቅናቸው። ሁለት ፍልጥ አነሱና አጋጩ። ቂው አለ። ከዚያ እርጥቡን አጋጩ። ድም አለ። ደረቅ እንጨት ሲነሣ ይቀላል። ጫፉም ይሰነጠቃል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ጆሮና እጅ ይበቃል።

በዚያው ቀን አንድ ነገር ሆነ። እትዬ ከምድጃ ከሰል አመጡ። አንድ ሰፊ ፍልጥ መረጡ። ጎንበስ ብለው ቀስ እያሉ ጻፉበት። «ግንቦት 20» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «እስከ ሐምሌ አይነካ» ብለው ጨመሩ። ከደብተራቸው ውጭ የጻፉት የመጀመሪያ ጽሑፍ ይህ ነው። ፍልጡን ከክምሩ ፊት ለፊት ሰኩት።

«የትኛው እንደቀደመ ሁልጊዜ እንጣላ ነበር» አሉ። «አዲሱን አንድደን አሮጌውን ምስጥ ሲበላው ኖሯል። አሁንስ ጽሑፉ ይናገር።»

ጋሼ መጥተው አነበቡት። ጥቂት ቆዩና «ፊደሉ ጥሩ ነው፤ ትእዛዙ ግን በዛ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን።

የመጀመሪያው ጎርፍ

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጉና በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓዱ ከሩቅ ተሰማ። በማግስቱ ጠዋት ጉማራ ቀልቶ ወረደ። ሰዉ «መጣ! መጣ!» እያለ ወደ ወንዙ ሮጠ። ማን እንደመጣ መጠየቅ አላስፈለገም።

ጋሼ መረባቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ታንኳቸው ከቤቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። ታንኳው ከደንገል የተሠራ ነው። ደንገል ውስጡ አየር የሞላው ስለሆነ ይንሳፈፋል። ውሃ ውስጥ ሲቆይ ግን ውሃ ይጠጣና ይከብዳል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ከሐይቁ አውጥተው ያቆሙታል፤ ይደርቃል።

በዚያን ቀን ግን ገና ያልተፈለጡ አምስት ወፍራም ግንዶች ነበሩ። እትዬ በደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ግንዶቹስ?» አሉ።

«ይቆዩ። ጎረቤት ሁሉ መረቡን ሲጥል እኔ እንጨት ልፍለጥ?»

«ዓሣው ነገም አለ። ፀሐይዋ ግን ነገ የለችም።»

ጋሼ ሰማዩን አዩ። ፀሐይዋ በዚያ ጠዋት ደማቅ ነበረች። ደመናው ግን በጉና ላይ ተከምሯል። ወደ ወንዙ አዩ። የሰው ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ታንኳውን ዳሰሱት። ምንም አልተናገሩም። መረቡን ሰቀሉና መጥረቢያውን አነሱ። አባቶች «ፀሐይ ሳለ ሩጥ፣ አባት ሳለ አጊጥ» የሚሉት ያን ጊዜ ትዝ አለን።

ቀኑን ሙሉ ፈለጥን። ፀሐይ ስትጠልቅ የመጨረሻው ፍልጥ ክምሩ ላይ ወጣ። በሌሊት ዝናቡ ወረደ።

በእውነት እንናገር። ጋሼ በዚያ ቀን ከሰሩ። ጎረቤቶቻቸው በመጀመሪያው ሌሊት ብዙ አምባዛ ያዙ። ጋሼ አንድም አልያዙም። እራት ላይ ብዙ አልተጫወቱም። እኛም ጥፋተኛ የሆንን መሰለን።

መኻሉ የማን ነው?

በሁለተኛው ሌሊት ከጋሼ ጋር ወደ ወንዙ አፍ ሄድን። ጨለማ ነው። ውሃው በሣሩ ውስጥ ይንሿሿል። አምባዛ ሲንቀሳቀስ ሣሩ ይወዛወዛል። አምባዛ ከውሃ ውጭም አየር መሳብ ይችላል። በእርጥብ ሣር ላይ በደረቱ ሲሳብ በዓይናችን አየን።

አንዳንዱ አሥጋሪ መረቡን ከዳር እስከ ዳር ዘርግቷል። አንድም ዓሣ አያልፍም። ጋሼ ግን መረባቸውን በአንድ ወገን ብቻ ተከሉ። መኻሉን ክፍት ተዉት።

«ለምን ጋሼ?» አልናቸው።

«መኻሉ የእናቲቱ መንገድ ነው» አሉ። «ሆዷ እንቁላል ነው። ሁሉንም በመግቢያው ላይ ከያዝኋት የከርሞውን ማን ይወልድልኛል? ባሕር ዛፉን ስቆርጥ ጉቶውን ትቼ የለ?»

ይህ ነገር ቀላል አይደለም። ከአምባዛ ሌላ ነጭ ዓሣ የሚባሉ አሉ። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ። አንዳንድ ሰው በመንገዳቸው ላይ መረብ ይዘረጋባቸዋል። አንዳንዱም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በወንዙ ውስጥ ይጨምራል። ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ ይገድላል። ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነጭ ዓሣ በጣና ውስጥ በእጅጉ መመናመኑን አረጋግጠዋል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ተስፋፋ። አረሙ መረቡንም ታንኳውንም ያስቸግራል።

መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን አውጥቷል። አዋጅ ግን በሌሊት ከወንዙ ዳር አይቆምም። የሚቆመው አሥጋሪው ነው። መኻሉን የሚተወውም የሚዘጋውም እሱ ነው።

ከጎን ያለ አንድ ጎረቤት «አንተ የተውኸውን እኔ እይዘዋለሁ» ብሎ ጋሼን ቀለደባቸው። ጋሼ «ይዘኸው ስትጨርስ ከርሞ ከኔ ትበደራለህ» አሉት። ጎረቤቱ ሳቀ። መረቡን ግን በዚያ ሌሊት አላነሣም። ነገሩ በአንድ ሰው ብቻ እንደማይሆን ያን ጊዜ ገባን። እኛም በሚቀጥለው ትምህርት ላይ «መኻሉ የእናቲቱ መንገድ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በሰሌዳው ላይ ጻፍነው። ጎረቤቱም ከተማሪዎቻችን አንዱ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ከዚያ ዝም አለ።

እሳቱ ነደደ

ጋሼ በዚያ ሌሊት የያዙት ከአምናው ግማሽ ያህል ነበር። ጠዋት ዝናቡ አላባራም። ፀሐይ የለችም። እንደ አምናው ያለ ቀን ነው።

እትዬ ዓሣውን ሆድ ዕቃውን አወጡ፤ አጠቡ፤ ሰነጠቁ፤ ጨው አሹት። ከጓሮ ባለው ዳስ ሥር የእንጨት ርብራብ ተሠርቶ ነበር። ዓሣውን በዚያ ላይ ዘረጉት። ከሥሩ የግራሩን እንጨት አነደዱ። እሳቱ ወዲያው ያዘ። አልተንጫጫም። ጥላሸትም አላወጣም። ዓሣን የሚያደርቀው የእሳቱ ሙቀት ነው። እርጥብ እንጨት ሙቀት የለውም፤ ያለው ጭስ ብቻ ነው።

እሳቱ ሳይጠፋ ሁለት ቀን ቆየ። ዓሣው ደረቀ። አንድም አልተጣለም። ከአምናው ግማሽ ነው የተያዘው፤ ከአምናው የሚበልጥ ግን ቤት ገባ። ሕፃኑ ከእሳቱ ርቆ በቤት ውስጥ ተኝቷል። አልሳለም።

መንደሩን ለቀን የወጣነው በሐምሌ ነው። ሜዳው ሁሉ ውሃ ስለነበር ጋሼ በታንኳ ሸኙን። ከመሄዳችን በፊት እትዬ ከክምሩ የመጀመሪያውን ፍልጥ አወጡ። «ሐምሌ ገብቷል፤ አሁን ይነካል» አሉ። በከሰል የተጻፈው ጽሑፍ አልጠፋም ነበር። ያን ፍልጥ ግን አላነደዱትም። ለከርሞ አስቀመጡት።

ተነጋገሩበት

1. እናንተ የክረምቱን እንጨት በስንት ወር ትቆርጣላችሁ? የምትፈልጡትስ መቼ ነው?
2. በቤታችሁ የእንጨቱ ክምር መሬት ይነካል? ነፋስ ያልፍበታል?
3. ጋሼ የመጀመሪያውን ሌሊት ዓሣ ማጣታቸው ትክክል ነበር ትላላችሁ? ለምን?
4. በአገራችሁ ለከርሞ ተብሎ የሚተው ነገር ምንድን ነው? ስሙን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።